የምድር ቤቱ ጎረቤቴና የግድግዳ ማስታወቂያዎች

የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት ቱሉ ዲምቱ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ በሚለጠፉ ማስታወቂያዎች ነው። ዘዴው የይዘት ትንተና ይባላል። ጽሑፎች ይሰበሰባሉ፣ አስቀድሞ በወጣ መመሪያ መሠረት እያንዳንዳቸው በየምድባቸው ይገባሉ፣ ከዚያ የትኛው እንደሚበዛ ይታያል። የእኔ ምድቦች አራት ነበሩ፤ መረጃ፣ ልመና፣ ምክር እና ዛቻ። «ውሃ ሐሙስ ይመጣል» የሚለው መረጃ ነው። እንደማይመጣ ሁላችንም ብናውቅም መመሪያው የተጻፈውን ብቻ እዪ ስለሚል፣ መረጃ ነው።

ብሎክ ለብሎክ እየዞርኩ በስልኬ ፎቶ ሳነሳ ከረምኩ። ሥራዬን ለአማካሪዬ ሳሳየው ግን፣ «ብቻሽን የመደብሽውን ማን ያምንሻል? ሌላ ሰው ለብቻው ይመድብና ምን ያህል እንደተስማማችሁ አሳዪኝ» አለኝ።

የክፍል ጓደኞቼ በየራሳቸው ጥናት ተወጥረዋል። ስለዚህ ምድር ቤት ወዳሉት ጎረቤቴ ወረድኩ። እኚህ ሰው አቃቂ በሚገኝ የጨርቅ ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። መመሪያዬንና ያሳተምኳቸውን ፎቶዎች ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «እንከን መለየት ከሆነ ለኔ ተዪው» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም በማስመሪያ አስምረው፣ በቁጥር ለይተው መለሱልኝ። በአብዛኛው ተስማምተናል። አንድ አሥራ አምስት የሚሆኑት ላይ ግን እኔ ዛቻ ያልኩትን እሳቸው ምክር ብለውታል። የነዚያን ፎቶዎች ይዤ ወረድኩና አንዱን አሳየኋቸው፦ «ልብስ ሳይጨምቅ በረንዳ ላይ የሚያሰጣ ሰው ልብሱን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይፈልገው!!»

«ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ምክር ይሆናል?»

«የት እንደሚያገኘው ነግሬው የለ? ዝም ብዬ ብጥለውስ ኖሮ?»

«ነግሬው?»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ደረደርኳቸው። ሁሉም ያው የእጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም መጨረሻቸው ላይ ሁለት ቃለ አጋኖ!

«በስሜ ብጽፈው ማን ይሰማኛል ብለሽ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ድንገት በክረምት የጠፋብኝ ፎጣ ትዝ አለኝ። ገና ስሙን ስጠራ ተነሥተው ገቡና አጣጥፈው በፌስታል ያስቀመጡትን ይዘው ወጡ። «ልጥለው ነበር» አሉ ዳር ዳሩን እየዳሰሱ፤ «ሽመናው ግን አሳዘነኝ።»

አማካሪዬ ይህን ስነግረው ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ፣ «ጸሐፊው የራሱን ጽሑፍ አይመድብም። ሌላ ሰው ፈልጊ» አለኝ። የእሷን ጥናት በተራዬ ልመድብላት ቃል ገብቼ አንዷን የክፍል ጓደኛዬን አገኘሁ። የከበደኝ ለጋሼ መንገሩ ነበር።

«ያን ሁሉ ዓመት ጨርቅ ስመልስ ኖሬ» አሉ ፊታቸው ጠቁሮ፣ «ዛሬ እኔው ተመላሽ ልሁን?»

ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ መለሱልኝ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ግን ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ኮሪደር ላይ ቆሻሻ ስለሚያስቀምጡ ሰዎች የጻፉትን ረቂቅ ይዘዋል።

«ይሄ የትኛው ውስጥ ይገባል?»

«ዛቻ» አልኳቸው። «‹ደጃፋችሁ ላይ እደፋዋለሁ› የሚለው ይውጣ፤ ‹እባካችሁ› ይግባ።»

«እባካችሁ?» ቃሉ እንደ መራራ ክኒን አፋቸው ውስጥ ተንከባለለ። ቢሆንም ጻፉት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ስማቸውን ከሥሩ አስፍረው ለጠፉት።

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ሰው ከሥሩ በእርሳስ «እናመሰግናለን አባባ» ብሎ ጽፎበት አገኘነው። ከማስታወቂያው ሥር ደግሞ ሦስት ፌስታል ቆሻሻ ተደርድሯል።

ጋሼ ወደ ፌስታሎቹ፣ ከዚያም ወደኔ አዩ። «በጥናትሽ ውስጥ» አሉኝ፣ «ይሄንንም አስገቢው።»