ፋብሪካዋ የሞተባት መኪና

ከሆሳዕና የወጣሁ ለት ማታ ሚስቴ ታደለች አላለቀሰችም። የጃኬቴን ቁልፍ እየቆለፈችልኝ፣ «ስታገባኝ በጭነት መኪና ጀርባ፣ ከስንዴ ከረጢት ላይ አስቀምጠህ ነው ያመጣኸኝ። ከእንግዲህ የትም ብትጠራኝ በቤት መኪና፣ ከፊት ወንበር ካልሆነ አልመጣም» አለችኝ። ቀልዷን ነበር። እኔ ግን ያንን ቀልድ ይዤ ነው ሞያሌን የተሻገርኩት።

መንገዱን አልተርክም። ሆሳዕና ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ስለሌለ ታውቁታላችሁ። ሰው እንደ ድንች ተጭኖ ይሄዳል፣ የቀናው ይደርሳል። እኔ ደረስኩ። ደቡብ አፍሪካ፣ ሎኬሽን የሚሉት የቆርቆሮ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፈትኩ። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጬ ዳቦና ስኳር እሸጣለሁ፤ የሚያየኝ ሰው እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል። ሐምሌ ላይ እናንተ ጭቃ ስትረግጡ እዚህ አጥንት የሚሰብር ደረቅ ብርድ ነው። ፓፕ የሚሉት ነጭ ገንፎ አላቸው። መጀመሪያ ቀን አተካና፣ ያ በቅቤ የራሰው የቡላ ገንፏችን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ጎረስኩት። ቅቤ የለው፣ ምን የለው። አልቅሼ ዋጥኩት።

ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ታደለች ደወለች።

«ቪዛ ላስገባ ነው። መጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ። የሚኖሩበት ከሆነ እኖራለሁ፤ ካልሆነ አንተንም ይዤህ እመለሳለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ መኪና ፍለጋ ጀመርኩ። የቤት መኪና፣ ያውም ናፍታ። ለምን ብትሉኝ፣ ያገሬ ሰው ነኛ! የሞርሲቶን ዳገት ተጭኖ የሚወጣው ናፍታ ነው። እዚህ አገር መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ነው ቢሉኝ አልሰማሁም።

ጋራዥ የሚሠራው ደሳለኝ፣ የአዲሎው ልጅ፣ አገኘልኝ። ባለቤቷ ሚስቱ የሞተችበት ነጭ ሽማግሌ ነው።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ ደሳለኝ። «የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። መለዋወጫ የምታገኘው ከሞቱ እህቶቿ ላይ ፈትተህ ነው።»

«እኔንስ የሠሩኝ ሞተው የለ እንዴ? ይኸው እየሄድኩ ነው» አልኩት።

እኛ ጋ ከባድ ነገር የሚጠይቅ ሰው ብቻውን አይሄድም፣ ሽማግሌ ይልካል። እኔም የሞርሲቶውን ጋሽ ኤርጫፎን፣ የጃጁራውን ነጋዴ ሀጂ ሸምሱን፣ ለማስተርጎም ደሳለኝን ይዤ ቅዳሜ ጠዋት ከነጩ ሽማግሌ ደጃፍ ቆምኩ። አራታችንም ካፖርት ለብሰናል። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሲያየን ደነገጠ። ስለ መኪናዋ ነው ብለን በረንዳው ላይ ወጣን። ጨዋ ነው፣ ወንበር አወጣ።

«ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ።

«ለምን?»

«የመጣንበትን እሺ ካላሉን አንቀመጥም!»

ደሳለኝ ይህንን ቃል በቃል ተረጎመው፣ የማይረባ። ሽማግሌው ድሮም ነጭ ነበር፣ ባሰበት። እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ።

«ኧረ ለፖሊስ ሊደውል ነው፤ በፈጠራችሁ ተቀመጡ!» አለ ደሳለኝ።

«ይደውል» አሉ ሀጂ። «ፖሊሱም መጥቶ አብሮን ይቁም።»

ያኔ እኔ በዚያች በሱቅ እንግሊዝኛዬ ገባሁ። «ሚስት። ስድስት ዓመት የለም። አሁን ትመጣለች። መኪና ለእሷ።»

ሽማግሌው ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ ለደሳለኝ ነገረው። መኪናዋ የሟች ሚስቱ ነበረች። ገዢ መጥቶ ያውቃል፤ ሁሉም ግን በታትኖ በየዕቃዋ ሊሸጣት ነው የሚፈልጋት። እምቢ ብሎ አቆይቷታል።

«በታትነህ ትሸጣታለህ?» አለኝ።

«ሚስቴን ነው የምጭንባት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ኤርጫፎ ወደ ደሳለኝ ዞሩ። «ምን አለ?»

«እሺ ብሏል።»

«በሉ እንግዲህ እንቀመጥ።»

ሦስቱም እኩል ተቀመጡ። ጋሽ ኤርጫፎ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃት ጀመሩ፤ ሀጂ «አሚን» ይላሉ። ምርቃቱ ሲያልቅ ደሳለኝ፣ «እግዜር ይስጥልን ነው የሚሉት» አለው።

«ይህን ሁሉ ሰዓት?» አለ ሽማግሌው። ሲስቅ ያኔ አየሁት።

ወረቀቱ ላይ ስሜን በራሴ እጅ ጻፍኩ። መጻፍ ያስተማረችኝ ታደለች ናት፤ ከተጋባን በኋላ፣ ይሄን የሚያህል ጢም አብቅዬ፣ ጣቴን በጣቷ ይዛ።

ማታ ግቢ ሳስገባት አከራዬ ወጣች።

«ይቺን የሠራት ማነው?»

«ሞቷል።»

«ግቢዬ መቃብር አይደለም!»

በሳምንቱ ቤተክርስቲያን አድርሰኝ አለች። ከኋላ ተቀመጪ አልኳት። ለምን ብላ ጠየቀች። የፊቱ የሰው ነው አልኳት።

ከዚያ የቪዛው መልስ መጣ። ታደለች በስልክ አነበበችልኝ፤ ድምጿ እንደ አስተማሪ ጥርት ያለ ነው። ወደ አገሯ እንደምትመለስ አላሳመነችንም ይላል። እኔን ጭምር ጎትታ ልትመልስ የተነሳችን ሴት! ምን ይባላል። ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዚያ ሌላ ነገር ሆንኩ።

እንደገና ታስገባለች። ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚነግራት የለም። ደሳለኝ ደግሞ የመኪናዋን የናፍታ ፖምፓ ድምፅ አልወደድኩትም ብሏል፤ ፖምፓው ከሄደ ምትኩ የት ይገኛል? የቱ እንደሚቀድም አላውቅም። ሱቅ ስሄድ በእግሬ ነው። ለእሷ ነው የማቆያት።

ዛሬ ጠዋት መሪው ላይ ተቀምጬ ደወልኩላት። ከበስተኋላዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«የት ነህ?» አለችኝ።

«መኪናዋ ውስጥ።»

«እስቲ አስነሳት፣ ልስማት።»

አስነሳኋትና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁት። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«እውነትም ናፍታ ናት» አለች።

«ናፍታ ናት።»

«በል አጥፋት፣ ነዳጅ አትጨርስ።»

«እሺ» አልኩ። አላጠፋሁም። እሷም ስልኩን አልዘጋችም።