ጋሽ ይመር ከማድረቂያው ውስጥ ያወጡት

የመርሳ ከተማው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ጋሽ ይመር ባለፈው ጁምዓ ረፋድ ላይ ወደ አኼራ ሄደዋል። ከውርጌሳም ከሲሪንቃም የመጣ ሰው ግቢያቸውን ሞልቶት ዋለ፤ አብዛኛው የመስኖ ፓምፑን በእሳቸው እጅ ያሠራ ገበሬ ነው። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ጋሽ ይመር ተጠራጣሪ ነበሩ። የተበላሸ ዕቃ ይዞ የመጣው ሰው የሚላቸውን ሁሉ በትዕግሥት ያዳምጡና አንዱንም አያምኑም። «ምንም ሳንነካው በራሱ ቆመ» ካሏቸው «በራሱ የሚቆም አህያ ነው» ይሉ ነበር።

የአክስቴ የከድጃ ልብስ ማድረቂያ ማሞቅ ያቆመ ጊዜ ቤታችን መጡ። አክስቴ ያን ማሽን ከጅዳ ያመጣችው ስንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው። በክረምት የጎረቤቱን የሕፃናት ልብስና የአንድ ፔንሲዮን አንሶላ እያደረቀች የምታስተዳድረን በእሱ ነበር። ያን ሰሞን ግን የማሽኑ ከበሮ ይዞራል፤ ልብሱ እንደረጠበ ይወጣል።

ጋሽ ይመር መሰኪያውን ነቀሉና ገመዱን አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት። «እጄን ውስጡ ስከት፣ ልርዳቸው ብሎ የሚሰካ ደግ ሰው አይጠፋም» አሉ። የጀርባውን ክዳን ፈተው በቴስተር ለኩ። የማሞቂያው ሽቦ ደህና ነበር። የተቃጠለችው ሙቀት ሲበዛ ኃይል የምታቋርጠው፣ ባቄላ የምታክል ፊውዝ ናት።

«ታዲያ በሽቦ ቀጥታ ያገናኙትና ይሥራ፣ ጋሽ ይመር» አለች አክስቴ።

«ዘበኛውን አባርሬ ቤትሽን ለእሳት ልስጥ? አላደርገውም። ወልድያ ሄጄ ትክክለኛዋን አመጣለሁ።» ከዚያ ዞር ብለው አዩን። «ይቺ ዝም ብላ አልተቃጠለችም። የሞቀው አየር መውጫ ታፍኖ ነበር። ማነው የደፈነው?»

«ማን ይደፍነዋል? የደፈነውን ባውቅ ከዚህ ቤት አብሮኝ አያድርም» አለች አክስቴ።

የደፈንሁት እኔ ነበርሁ። እንፋሎቱ ግድግዳውን እያረጠበ መጽሐፎቼን ስላሻገተብኝ አሮጌ ሻሽ ጠቅልዬ ከትቼበት ነበር። ማሽኑ ማሞቅ ሲያቆም ደንግጬ ጎትቼ አወጣሁት፤ ሁሉም የወጣ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ይመር እጃቸውን ወደ አየር መውጫው ቱቦ ሰደው አንድ ነገር ጨብጠው አወጡ፤ ቶሎ ብለውም ኪሳቸው ከተቱት። እንደሄዱ ለአክስቴ «ከማሽኑ ውስጥ ዕቃ አውጥተው ወሰዱ» አልኋት። ያየሁት የተጨበጠ እጅ ብቻ ነው። ቢሆንም የአክስቴ ዓይን ከእኔ ላይ እንዲነሳ ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ ፊውዟን ይዘው ሲመጡ አክስቴ ወንበር አምጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ዛሬስ ኪስዎ ባዶ ነው?» አለቻቸው።

ቀና ብለው እሷን አዩ፤ ከዚያ እኔን። «ቁጭ በይና እዪ፣ ከድጃ። ብዙ ዓይን ያየው ዕቃ አይጠፋም» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ቱቦውን ጠረጉ፤ ማሽኑን ከግድግዳው ክንድ ያህል አራቁት፤ ፊውዟን ገጠሙ። ማሽኑ ሞቀ። ወሬው ግን ከቤታችን ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ጋሽ ይመር በተጠሩበት ቤት ሁሉ አጠገባቸው ተቆጣጣሪ ይቀመጥ ጀመር።

ከወራት በኋላ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው ያለው ወንበር ደረሰኝ። ሲሪንቃን እንዳለፍን የመሣሪያ ቦርሳቸውን ከፍተው ጠርዙ የተቃጠለ የሻሽ ቁራጭ ሰጡኝ።

«ይሄ ያንቺ መሰለኝ።»

«እንዴት አወቁ?» አልኋቸው።

«ማነው የደፈነው ስል አክስትሽ እኔን አየች፤ አንቺ ቱቦውን አየሽ። እሷ ደግሞ በጣም ተናዳ ነበር። ጨርቁ ከተቃጠለ ይበቃል፣ ልጂቱ አብራ ትቃጠል? ብዬ ደበቅሁት።»

«ለአክስቴ እነግራታለሁ።»

«እሱንም እጠራጠራለሁ» አሉና ሳቁ።

መጠርጠራቸው ልክ ነበር። ዛሬ፣ ነገ ስል ሞታቸውን ሰማሁ።

ጀናዛው ከግቢው ሊወጣ ሲል የእህታቸው ልጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ «በእሳቸው ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፤ ያለበለዚያ አፉ በሏቸው» ሲል ከሴቶቹ መካከል ሆኜ ሰማሁ። «አፉ ብለናል» አለ ሕዝቡ። አክስቴም ዓይኗን እየጠረገች «እኔም አፉ ብያለሁ» አለች። ያላጠፉትን ይቅር ስትላቸው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜም እውነቱን አልተናገርሁም።

በማግስቱ ጠዋት ነገርኋት። ሻርፗን አነሳችና «ተነሺ። ዘይነባ ፊት አንቺው ትናገሪያለሽ» አለችኝ። ሄድን። ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ እስክጨርስ ሰምተው «ለእኔም አልነገረኝ» አሉና አክስቴን ይዘው አለቀሱ።

ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ሰው ሁሉ የሚልዎትን ሲጠራጠሩ ኖሩ፤ በሰው ላይ ግን ክፉ አልተናገሩም። እኔ አንድ ጊዜ ተናገርሁ፤ ያም ሐሰት ነበር። ከእኛ ቤት የወሰዱት የእኔን ጥፋት ብቻ ነው። ይህን ወረቀት ይዤ ወሬው በደረሰበት ቤት ሁሉ እዞራለሁ፤ ቢያሳፍረኝም በየደጃፉ በድምፄ አነባለሁ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ። በሕይወት ሳሉ ልናገረው የሚገባኝን ሰው ሁሉ አሁን ይሰማዋል፤ እርስዎ ግን በሰላም ይረፉ።