ኤልሳና ያልበራው ሸክላ

ኤልሳ የእህቴ የአየለች ልጅ ናት። የተወለደችው ጂንካ፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት ነው። ያደገችው ግን የቅዳሜ ገበያ፣ እኛ ሸክላ ሠሪዎች በምንቀመጥበት ረድፍ፣ በእንስራና በማሰሮ መሃል ነው ብል ይቀላል።

ያኔ ሸክላ ሠሪ ስለሚናቅ ሰዉ የእኛን እቃ ይገዛል እንጂ ማዕዳችንን አይቀርብም ነበር። ስለዚህ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ከቀይ አፈር ከተማ የመጣ ገዢ ቆሞ ዋጋ ሲጠይቅ የሚመልስለት ያጣል። አንዷ ለሌላዋ ወሬ ስታቀብል፣ ያቺም ለቀጣይዋ፣ እንዲሁ ይመሽና ማሰሮውን መልሰን እንሸከማለን። ቦሼ የምትባል ጎረቤታችን፣ «እናንተ ሸክላ ልትሸጡ ነው የመጣችሁት ወይስ ልትሟሟቁ?» ትለን ነበር፤ እሷም ሳትሸጥ ነው የምትገባው።

አየለች ጭቃ ስታቦካ የተወቀጠ ገል ትጨምርበታለች፤ እሳት ሲያገኘው እንዳይሰነጠቅ ነው። ልኩን ካደረሰች በኋላ ግን ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ታክላለች። ከእናታችን የወረስነው ነው፤ በቤታችን የበረከት እፍኝ እንለዋለን። ኤልሳ ነፍስ ካወቀች ወዲህ ያቺን እፍኝ የምትጨምረው እሷ ነበረች።

ከዚያ ትምህርት ወሰዳት። አዲስ አበባ ገብታ ሴራሚክ አጠናች። እንደ እኛ ሸክላ ያለ አይደለም፤ እንደ መስታወት አሻግሮ የሚያሳይ፣ ሌዘር የሚሉትን ብርሃን የሚያወጣ ነው። የሚሠራበት ነጭ ዱቄት ብቻውን አያበራም አለችኝ፤ ኒዮዲሚየም የሚባል ነገር ጥቂት ይገባበታል፣ የሚያበራው እሱ ነው። ለመመረቅ አንዲት እንዲህ ያለች ሴራሚክ ሠርታ ብርሃኗን ማሳየት ነበረባት። ዱቄቱ በብዙ ልመና ከውጭ የመጣ ስለሆነ የተሰጣት ለሁለት ሙከራ ብቻ ነው።

አየለች ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው። ኤልሳ ለቅሶውን ተቀምጣ ተመለሰችና የመጀመሪያዋን ስትሠራ፣ የሚያበራው ከበዛ ብርሃኑም ይበዛል ብላ ከልኩ አስበልጣ ጨመረች። ከምድጃው ስትወጣ ጥርት ያለች፣ ሐምራዊ የነካት፣ የምታምር ነበረች። መብራት ሲሰጧት ግን ጋለች እንጂ የተፈለገውን ብርሃን አላወጣችም።

ስትደውልልኝ ድምፅዋ ዝሎ ነበር። ሴራሚኳን ምን ነካት አልኳት።

«አክስቴ፣ የገበያ ረድፋችን ትዝ ይልሻል? የኒዮዲሚየሙ ቅንጣቶችም ሲጠጋጉ እንደዚያ ናቸው። የተቀበሉትን ብርሃን እርስ በርስ ሲቀባበሉት እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በጣም ካነሱ ደግሞ ብርሃኑን የሚቀበለው ይጠፋል።»

«ታዲያ ትንሽ አራርቂያቸዋ።»

«አውቃለሁ። የእማዬን እፍኝ መተው ነው ያቃተኝ።»

 የቀራት ዱቄት የአንድ ጊዜ ነው።

«አየለች የጨመረችው ለድስት ነው» አልኳት። «ድስት ብርሃን አውጣ አይባልም። የእናትሽን ለእናትሽ ተይላት፣ ልጄ።»

ሁለተኛዋን በልኩ ሠራቻት፤ በራች። ኤልሳም ተመርቃ እዚያው በተማረችበት ላቦራቶሪ ቀረች፣ ብቻዋን ክፍል ተከራይታ።

ዛሬ ረድፋችን የለም። እንስራውን ጄሪካን ተክቶታል፤ ቦሼም ዲመካ ከተማ ልጇ ዘንድ ሄደች። ያልበራችዋን ሴራሚክ ለምኜ አስልኬያት መስኮቴ ላይ አለች፣ ሳንቲም ታክላለች። ቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍባት አንስቼ እጨብጣታለሁ። ኤልሳ የተበላሸችዋ ምን ታደርግልሻለች እያለች ትስቅብኛለች።

ትሞቀኛለች እላታለሁ።