የዲሪቤ ጣትና የያዮው ማር ቆራጭ

ዲሪቤ አራርሳን ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላታል። እሷ ጤና መኮንን ናት። «ዶክተር አይደለሁም» ብላ ታርማለች፤ ታካሚው ደግሞ «እሺ ዶክተር» ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። ተወልዳ ያደገችው ጎሬ ነው። ኖፓ ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ከሠራች በኋላ እዚህ መቱ፣ የሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል ገባች። የሚያስለውም፣ ጎኑን የሚወጋውም፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከውም እሷ ዘንድ ይላካል።

እኔ ሚፍታህ እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያወቅኋት በልጄ በሳምራ ምክንያት ነው። ሳምራ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጭ ነበር። እኛ ብርድ ነው ብለን በጋቢ እንጠቀልላታለን። ዲሪቤ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠቻትና አስም መሆኑን ነገረችን። የሚነፋውን መድኃኒት ልጅቷ በትክክል መሳብ ሲያቅታት፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አስመጥታ ቂጡን በሳች፤ መድኃኒቱን በቀዳዳው ሰክታ በጠርሙሱ አፍ በኩል በቀስታ እንድትስብ አስተማረቻት። ያ ጠርሙስ ዛሬም ቤታችን አለ። ልጅቷ ግን ብዙ ጊዜ የምትገኘው ኳስ ሜዳ ነው። አልሐምዱሊላህ።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ ኦቦ ደቅሲሳ ነው። በእርሳቸው ታሪክ ውስጥ ዲሪቤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ከምንም በላይ ይታያል።

ኦቦ ደቅሲሳ በያዮ ጫካ ማር ቆራጭ ናቸው። ረጃጅም ዛፎች ላይ ወጥተው ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ሲደርስም ወጥተው ይቆርጣሉ። ወዳጅነታችን የቆየ ነው። መቱ ሲመጡ ማረፊያቸው እኔ ሱቅ ናት። በ2009 ዓ.ም. የካቲት ላይ ልጃቸው ነመራ በአይሱዙ ጋቢና አስቀምጦ አመጣቸው። በሩ ላይ ሳያቸው መጀመሪያ ያየሁት ኮታቸውን ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ በልካቸው ነበር። አሁን ትከሻው ወርዶ፣ ደረቱ ላይ ሌላ ሰው የሚያስገባ ሆኗል።

«ምን ሆኑ ኦቦ?»

«ውጋት... ነው። ብርድ... ገብቶኝ።»

አንድ ቃል ተናግረው ይተነፍሳሉ፤ ሌላ ቃል ተናግረው ይተነፍሳሉ። ነመራ ሸሚዛቸውን ገልጦ አሳየኝ። የቀኝ ጎናቸው ላይ የዋግምት ክብ ክብ ጠባሳ ተደርድሯል። ማርና ነጭ ሽንኩርትም እየወሰዱ መክረማቸውን ነገረኝ። በዚያው ባጃጅ ጠርቼ ወደ ዲሪቤ ወሰድናቸው።

ዲሪቤ አትቸኩልም። ሰላምታዋን እንኳ አላሳጠረችም። ትኩሳት አለ ወይ፣ ያልብዎታል ወይ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። ቀጥላ «በየትኛው ጎን ነው የሚተኙት?» አለች።

«በቀኝ። በግራ ከተኛሁ... እታፈናለሁ።»

ሸሚዛቸውን አስወልቃ ከኋላቸው ቆመች። የግራ እጇን ጀርባቸው ላይ ዘርግታ በቀኝ መሀል ጣቷ የግራዋን መሀል ጣት መታ መታ አደረገች። ከላይ ጀምራ ወደ ታች ወረደች። የግራው ጎን ከላይ እስከ ታች ያስተጋባል። የቀኙ ግን መሀል ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝም አለ፤ እንጨት እንደ መምታት ሆነ። እኔ እንኳ ሰማሁት። ከዚያ መዳፏን ጀርባቸው ላይ አሳርፋ «አርባ አራት ይበሉ» አለች። ሐኪሞች የድምፅን ንዝረት በእጃቸው ሲፈልጉ የሚያስብሉት ነው።

«አርባ አራት... ምን? ቀፎዬ እንኳ... እንዲህ አይበዛም» አሉ ኦቦ ደቅሲሳ።

«ግድ የለም፣ ያለዎትን ይቁጠሩ» አለች እየሳቀች።

ራጅ ተነሱ። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዛ አሳየችን። የግራው ሳንባ ጥቁር ነው፤ አየር ስለሆነ። የቀኙ ከታች ጀምሮ እስከ መሀሉ ነጭ ሆኗል።

«ሳንባው የት ሄደ?» አለ ነመራ።

«አለ፤ ውሃ ተጭኖት ነው። ውሃው ሳንባው ውስጥ ሳይሆን በሳንባውና በጎድን አጥንቱ መካከል፣ ሽፋኑ ውስጥ ነው ያለው። በመርፌ እንቀዳዋለን። ሁለት ጥቅም አለው፦ አባትህ ይተነፍሳሉ፤ ውሃው ከምን እንደመጣ ደግሞ ተመርምሮ ይታወቃል።»

ኦቦ ደቅሲሳ መርፌ የሚለውን ሲሰሙ ከአልጋው ወረዱ።

«ነመራ... ኮቴን አምጣ።»

«አባ!»

«ጭምዴሳን... ቀዱት። ከዚያ... ቀበርነው። እኔ... አልቀዳም።»

ጭምዴሳ ታናሽ ወንድማቸው ነበር። በአካባቢያችን ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ከደረቱ ውሃ የተቀዳ ሰው አይተርፍም ይባላል። ነመራ ጮኸ፤ እኔም ለመንኳቸው። ኦቦ ግን አንዱን እጅጌ አስገብተው ሁለተኛውን እየፈለጉ ነበር።

ዲሪቤ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጭምዴሳ ምን ያህል ጊዜ ታሞ ነበር?»

«ክረምቱን... በሙሉ።»

«ሲቀዳለት ምን ይመስል ነበር?»

«አጥንት... ብቻ።»

«አዝናለሁ። እኔ አላየሁትምና በምን እንደሞተ አልናገርም። እርስዎን ግን አይቻለሁ። ይህ ውሃ እንዲህ እየጨመረ ከሄደ ትንፋሽዎ ያልቃል ብዬ እፈራለሁ። እምቢ ካሉ አላስገድድዎትም። ግን ፈርቼ ነው የምለቅዎት።»

ኦቦ እጅጌውን መፈለጋቸውን ትተው ቀና አሉ።

«ቅድም... ጀርባዬን የምታንኳኪው... ምን ፈልገሽ ነው?»

«የሞላውን ከባዶው ለመለየት።»

ደረቅ ሳቅ ሳቁ፤ ሳል ሆነባቸው። «ጋጉራ... መሰልኩሽ?»

ጋጉራ በኦሮምኛ ቀፎ ነው። ማር ቆራጮች ዛፉ ላይ ወጥተው ቀፎውን ከመክፈታቸው በፊት በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል። ማር ያለበትና የሌለበት በድምፅ ይለያል።

«እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ፣ ማር የማውቀው በዕቃ ውስጥ ነው» አለች ዲሪቤ። «እስኪ ያስተምሩኝ። እንዴት ነው የሚያንኳኩት?»

ነመራን ጀርባውን እንዲያዞር አዘዙት። የልጃቸውን ጀርባ እንደ ቀፎ አንኳኩ። «ከባዶው ነው... የሚጀመረው። ጆሮ ባዶውን ከለመደ... ሙሉውን አይስትም።» ከዚያ ዲሪቤ የእርሳቸውን እጅ ይዛ በራሳቸው ደረት ላይ፣ ከቀኝ ጡታቸው በላይ አስቀመጠችው። አንኳኩ፤ አስተጋባ። ወደ ብብታቸው ዝቅ አሉ፤ አስተጋባ። እንደገና ዝቅ ሲሉ ድምፁ ታፈነ። እጃቸው እዚያው ቆመ።

«ሞልቷል» አሉ በኦሮምኛ፣ በቀስታ።

ከዚያ ዲሪቤን ትኩር ብለው አዩአትና፣ ለሌላው ሰው እንግዳ የሚመስል፣ ለማር ቆራጭ ግን ሁሉ ነገር የሆነውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ሁሉንም... ነው የምትወስጂው?»

«ሁሉንም አልወስድም። በአንድ ጊዜ ሁሉም ከወጣ ታፍኖ የኖረው ሳንባ ድንገት ተዘርግቶ ይጎዳል። የሚያስተነፍስዎትን ያህል ቀድቼ አቆማለሁ። የቀረውን መድኃኒቱ ቀስ እያለ ያደርቀዋል።»

በያዮ ጫካ ደንብ አለ። ቀፎ ሲቆረጥ ለንቦቹ ከነማሩ ጥቂት ሰፈፍ ይቀርላቸዋል። አሟጦ ከሚቆርጥ ሰው ጋር ማንም ዛፍ አይወጣም፤ ንቡም ጥሎት ይሄዳል። ኦቦ ደቅሲሳ ያስገቡትን እጅጌ አወለቁ።

«ጋሪ» አሉ። ደህና ማለታቸው ነው። «ማር መቁረጥ... ታውቂያለሽ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ፣ ክንዳቸውን ትራስ ላይ አስደግፋ፣ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት። ቦታውን በመርፌ አደነዘዘችው። ከመጀመሯ በፊት ጥቂት ጎንበስ ብላ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እሷ በጸሎቷ፣ እኔም በቢስሚላህ፣ ኦቦም ዓይናቸውን ጨፍነው በራሳቸው ልመና፣ ሦስታችንም ወደ አንድ ፈጣሪ ዞረን ነበር።

በቀጭኑ ቱቦ የወረደው ውሃ ቢጫና ጥርት ያለ ነበር።

«ምን ይመስላል?» አሉ ኦቦ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«የግራዋ አበባ ማር ይመስላል» አልኳቸው።

«እንዳትቀምስ።»

ነመራ በእንባ መሀል ሳቀ። ጥቂት ቆይተው ኦቦ ማሳል ሲጀምሩ ዲሪቤ ወዲያው አቆመች፤ ሳሉ ሳንባው መዘርጋት የመጀመሩ ምልክት ነው አለችን።

«ገና አለ እኮ!» አለ ነመራ።

«ይብቃ።»

«ተዋት አንተ» አሉ አባቱ። «የንቦቹ ነው።»

ይህን ሲሉ በመሀሉ ለመተንፈስ አልቆሙም። ሁላችንም ልብ አልነው።

የውሃው ምርመራ፣ ከራጁና ከሕመሙ አመጣጥ ጋር ተደምሮ፣ የሳንባ ሽፋን ቲቢ መሆኑን አመለከተ። ዲሪቤ መድኃኒቱ ስድስት ወር እንደሚወሰድ አስረዳች። ሽንታቸው እንደሚቀላ፣ ያም የመድኃኒቱ ቀለም እንጂ ደም እንዳልሆነ ቀድማ ነገረቻቸው፤ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ወይም ካስመለሳቸው ግን ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡ አስጠነቀቀች። ቤተሰቡ በሙሉ እንዲመረመር አደረገች። ከሁሉ በላይ የደጋገመችው ግን አንድ ነገር ነው። «ሁለት ወር ሲሞላዎት ድኛለሁ ይላሉ። ውሸት አይደለም፣ ይሻልዎታል። የብዙ ሰው መድኃኒት የሚቋረጠው ግን ያኔ ነው፤ የተረፈው ተህዋስም ያኔ ነው በርትቶ የሚነሳው።»

እንዳለችውም ሆነ። ሚያዝያ ላይ ኦቦ ደቅሲሳ ወዛቸው ተመለሰ፤ ማርም ደረሰ። ዛፍ መውጣትና የቀፎ ጭስ ደግሞ ዲሪቤ ከልክላቸዋለች። ባለቤታቸው አዴ ኢሊሊ መውጫ ገመዱን አልጋቸው ሥር ደብቀው፣ «ክኒንህን ሳትጨርስ ገመድህን አታያትም» አሏቸው። ኦቦም ከመሬት ሆነው ነመራን ሲያዝዙ ከረሙ። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ድምፃቸውን ከሩቅ ሰማሁት፤ «ቀስ! ቅርንጫፍ ነው እንጂ የአጎትህ አጥር አይደለም!» ነመራም ከዛፉ ላይ፣ «አባ፣ ዶክተሯ ትንፋሽህን ቆጥብ ብላሃለች!» ይላል። እኔ ግን ከሥር ቆሜ አላህን አመሰገንኩ። እንዲህ የሚጮህ ሰው ሳንባ አለው።

ዲሪቤ በየወሩ ስልክ ትደውል ነበር። ማንም አላዘዛትም። ለብዙ ሰው እንዲህ እንደምታደርግ ያወቅኩት በኋላ ነው።

የመድኃኒቱ መጨረሻ ቀን ነሐሴ ላይ ነበር፤ በዝናብ አብረን ሆስፒታል ሄድን። ያ ኮት እንደገና ትከሻቸው ላይ ልክ ሆኗል። የካቲት ላይ እንዳጠብበው ጠይቀውኝ «ይሞሉታል» ብዬ እምቢ ብያቸው ነበር። ዲሪቤ ከኋላቸው ቆመች፤ ግራውን አንኳኳች፤ አስተጋባ። ወደ ቀኙ ስትሻገር እጃቸውን አነሱ።

«እንዳትነግሪኝ።»

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ጣቷ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ድምፁ ከግራው ጋር እኩል እየሄደ እስከ መጨረሻው ጎድን አጥንት ወረደ።

«ባዶ ነው» አሉ። ፊታቸው በራ። «ዕድሜዬን ሙሉ ባዶ ቀፎ ሲገጥመኝ አዝናለሁ። ዛሬ ገና ደስ አለኝ። ገላቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ።»

ስንወጣ ከበሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ አንድ ጎልማሳ ጎኑን ይዞ ተቀምጧል። ሚስቱ «ግባ እንጂ!» ትለዋለች፤ እሱ በመርፌ ውሃ ይቀዱብኛል ብሎ ፈርቷል። ኦቦ ደቅሲሳ ኮታቸውን ቆልፈው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ስማ» አሉት። «እኔም እዚህች ክፍል ውስጥ ኮቴን አምጡ ብዬ ነበር። ይህች ልጅ ሁሉንም አትወስድም። ግባ።»

ሰውየው ኮታቸውንና ፊታቸውን አየ። ከዚያ ለመነሳት እጁን ዘረጋላቸው፤ እርሳቸውም ይዘውት እስከ በሩ ሄዱ።