ድንቢጧና ቀይ ቀበሮው

ይህ የሆነው የመጀመሪያ ልጄ የስምንት ወር ሕፃን ሳለች ነው። ዛሬ እሷ ሥራ ይዛለች፤ እኔ ግን ጉም ባየሁ ቁጥር አማቴ ትዝ ይሉኛል።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። የባለቤቴ አገር ከከተማው በላይ፣ ጮቄ ተራራ ላይ ነው። አማቴ "የከተማ ልጅ፣ ምን ታውቃለች" እያሉ እንደሚያሙኝ ስለሰማሁ ልብ ለልብ አልተገናኘንም ነበር።

በዚያ ኅዳር ልጄን እዚያው ተራራ ላይ ለሚኖሩት እህታቸው ሊያሳዩ ፈልገው ይዘውኝ ሄዱ። ስንመለስ ጉም ዋጠንና መንገዱ ጠፋን። ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ጀርባዬ ላይ ስታለቅስ የቆየችው ልጄ ድንገት ዝም አለች። እጇን ብነካው በረዶ ሆኗል።

ጉሙ ትንሽ ሲገለጥ አንድ ቀይ ቀበሮ ፊት ለፊታችን ቆሟል። እንዴት ያምራል! አየት አደረገንና ቁልቁል ሄደ።

"እማማ፣ እንከተለው፤ ቀበሮ በግ ካለበት አይርቅም፤ በግ ካለ ቤት አለ" አልኳቸው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አማቴ ክንዴን ያዙኝ። "በግ የሚሰርቀው ግራጫው ቀበሮ ነው። ይሄ ፍልፈል ነው የሚበላ፤ ሰው በሌለበት ነው ኑሮው። ዝም በይና አዳምጪ።"

ቆይቶ ከግራ በኩል የድንቢጦች ጫጫታ ተሰማ። ያን ሁሉ ውበት ትቶ አፈር የመሰለች ወፍ መከተል ሞኝነት መሰለኝ።

"ድንቢጥ አውድማ ካለበት አትርቅም" አሉ አማቴ። "አውድማ ደግሞ ያለ ባለቤት የለም።"

ልጄን ተቀብለው ከጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ አስጠጓት። ጫጫታውን ተከትለን ስንሄድ የገብስ ክምር አገኘን፤ ከጀርባው ቤት፣ ቤቱ ውስጥ እሳት። ሰዎቹ ተቀብለው እሳት ዳር አስቀመጡን። ልጄ ሞቅ ሲላት ጮኻ አለቀሰች። እንዲያ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

አማቴም አብረዋት አለቀሱ። "በዚህ ብርድ ያወጣኋችሁ እኔ ነኝ። ማሪኝ ልጄ" አሉኝ።

እኔም ስንት ቀን በልቤ ያማኋቸው ሴት ነኝ፤ "እርስዎም ይማሩኝ" ማለት ነበረብኝ። አፍሬ አቀርቅሬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ እንደ እናትና ልጅ ኖርን፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልነግራቸው አረፉ።