ቆመን የወጣንበት ጠዋት

የያዙኝ ቢቸና፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነው። የእንግሊዝኛ የእንቅስቃሴ ቃላት ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ እያንዳንዱን እየተራመድኩ ለተማሪዎቹ ሳሳይ በሩ ተበረገደ። መሣሪያ ይዘው ከገቡት አንዱ ሰሌዳውን አነበበና «ማርች ማለት ሰልፍ አይደለም ወይ?» አለኝ።

«ነው» አልኩት።

«ታዲያ ልጆቹን ለየትኛው ሰልፍ ነው የምታዘጋጃቸው?»

«ለፈተና።»

ይህ መልሴ እስከ ዛሬ ያኮራኛል፤ ያን ጊዜ ግን ያተረፈልኝ ጥፊ ነው።

ያስገቡኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ጤፉ ከወጣ ቢቆይም ብናኙ አልወጣም፤ ገና ስገባ አስነጠሰኝ። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ቆርቆሮው በሚስማር ከተበሳበት ነው። ሰዉ ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ሲዘረጋ፣ መሐል ላይ የሚቀረው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ብቻ ነው። በግራዬ ከሞጣ የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። በቀኜ ከግንደወይን ወዲያ ባለ አንድ ደብር የማሕሌቱን አቋቋም የሚያስተምሩ ሽማግሌ መሪጌታ አሉ። ሁለቱም ለምን እንደታሰሩ የነገራቸው የለም።

መጋዘኑ አንድ ሕግ ነበረው። ጠዋት ወደ ሽንት ቤት የሚወጣ ሰው በእንብርክክ ነው የሚሄደው። ግቢው ጠጠር ነው። ጠባቂው በሩ ላይ ዱላውን ይዞ ይቆምና «በእንብርክክ!» ይላል፤ እኛም በእጅና በጉልበታችን እየሄድን እንወጣለን። ስንመለስ ማናችንም የሌላውን ጉልበት አናይም ነበር።

ትምህርቱን ያስጀመሩት ሐጂ ናቸው። «መምህር፣ ያ ያስያዘህ ትምህርት ምንድን ነው? እስኪ ለእኛም ንገረን፤ እኛን ከእንግዲህ የት ያስገቡናል?» አሉ።

ደብተር የለም፤ ስለዚህ ያስተማርኳቸው በእግር ነው። አንዱ ይነሣና መሐል ላይ ይሄዳል፤ ሌላው ቃሉን ይጠራል። መንገዳገድ ስታገር፣ በእግር ጣት ማዝገም ቲፕቶ፣ ዘና ብሎ መንሸራሸር ስትሮል። አንድ ቀን ሐጂ ደረታቸውን ነፍተው እንደ ጠባቂው ሲንጎማለሉ፣ መጋዘኑ በአንድ ድምፅ «ስዋገር!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው በሩ በዱላ ተደበደበ። እኛም ሳቃችንን በጋቢ አፈንነው።

መሪጌታ ይስቃሉ እንጂ አይነሡም። ጠዋትም እንደማይወጡ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። የደረሳቸውን እንጀራ ለጎናቸው ሰው ይሰጣሉ፤ ውሃም ከንፈራቸውን ከማራስ አያልፉም።

«መሪጌታ፣ የምን ጾም ነው?» አልኳቸው።

«ጾምስ አይደለም፣ ልጄ። ያልበላና ያልጠጣ ምን ሊያደርግ ይወጣል?»

ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ። «እኔ መቆም ለመማር ጎንደር ድረስ የሄድሁ ሰው ነኝ። መቋሚያ ይዤ፣ እግሬ እስኪያብጥ ስቆም አድሬ ነው የተማርሁ። የምንበረከክበትን ቦታ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ የዚህ ሰውዬ ጫማ ሥር አይደለም።»

ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ሲነሡ ግድግዳ ይዘው ነው። እንዲህ ከቀጠሉ እንደሚሞቱብን ሁላችንም አወቅን። ሐጂ የውሃውን ጆግ አንሥተው ከመሪጌታ ፊት ተቀመጡ።

«በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይጠጡ!»

«ቆሜ የምወጣ ከሆነ እጠጣለሁ።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ሌላውም ወደ እኔ ዞረ፤ የመምህርነት ጣጣው ይኸ ነው። ፈራሁ። ዱላውን ቀምሼዋለሁ። ከፍርሃቴ በላይ ግን አንድ ሽማግሌ ወደ ሽንት ቤት ላለመዳህ ብሎ በውሃ ጥም ሊሞት መሆኑ አንገበገበኝ።

«ይጠጡ። ጠዋት ቆመን እንወጣለን» አልኩ።

ጆጉን አንጠፍጥፈው ጠጡ።

ጠዋት በሩ ተከፈተ። «በእንብርክክ!» አለ ጠባቂው። እኔና ሐጂ መሪጌታን ከግራና ከቀኝ ደግፈን፣ ቆመን ወጣን።

«አልሰማህም?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ።»

ዱላው ጉልበቴ ላይ አረፈ። ወደቅኩ። ጠጠሩ መዳፌ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ እንደወደቅኩ፣ በእጄና በጉልበቴ መቀጠል ይቀለኝ ነበር፤ ጠባቂውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ተነሣሁ። ዘወር ስል ከመጋዘኑ የሚወጣው ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚወጣው።

«ምን ማድረጋችሁ ነው?» ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ሐጂ ቀደሙኝ። «ስትሮል!» አሉት፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ጮክ ብለው።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ጉልበቴን ይዤ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ጠባቂው ሰልፉን አየ፤ ዱላውን አየ፤ ለስንቱ እንደሚበቃ ያሰበ ይመስላል። «ቶሎ ጨርሱ» ብሎ ዱላውን ብብቱ ሥር አስገባ።

መሪጌታ ከሽንት ቤት ሲወጡ «ልቀቁኝ» አሉን። ለቀቅናቸው። ወደ መጋዘኑ የሚመልሰውን አጭሩን መንገድ ትተው በአጥሩ ጥግ ጥግ ዞሩ፤ በቀስታ፣ እንደ ማሕሌት እግራቸውን እየለኩ። ጠባቂው «በዚህ በኩል!» ቢላቸው ቀና ብለውም አላዩት። ፀሐይዋን እየሞቁ ግቢውን ዙረው ጨረሱ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ።

የዚያን ቀን ምግብ አልገባልንም። በማግስቱ በሩ ሲከፈት የሰማነው «ውጡ» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ «በእንብርክክ» የሚል አልተከተለውም።

ኋላ ተፈታን። ዛሬ መሪጌታ ደብራቸው ተመልሰው ያስተምራሉ። ሐጂም ሞጣ ሱቃቸው ውስጥ ናቸው። እኔም ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ፤ ቃላቱን አሁንም የማስተምረው እየተራመድኩ ነው። ሊምፕ የሚለው ላይ ስደርስ ትርጉሙን አልጽፍም፤ ከሰሌዳው እስከ በሩ መሄዴ ይበቃል። ጉልበቴ አልዳነም። ክሮል የሚለውን ግን «መዳህ» ብዬ ጽፌ አልፋለሁ።

«ቲቸር፣ እሱንስ አታሳየንም?» ይላሉ ተማሪዎቹ።

«እሱን ትቼዋለሁ» እላቸዋለሁ።