አዎ ይበሉና ይሂዱ

የማርያም ማኅበር ተራዬ ደርሶ፣ ሰባታሚት በምትባለው መንደራችን ቤቴ ደግሼ ነበር። ዳቦው ተቆርሶ ጽዋው ሲዞር አንድ ጢማም ጎልማሳ ከደጅ «ቤቶች!» አለ። ግባ አልነው። በላ፣ ጠጣ፣ መርቆን ሄደ። ማን ነህ፣ ከየት ነህ ያለው የለም። በማኅበር ለት የመጣ የእግዜር እንግዳ ነው፤ ስሙ አይጠየቅም።

በማግስቱ ወታደሮች መጡና እኔን ወሰዱኝ። ሰውየው የሚፈለግ ኑሯል። ስሙን አላውቅም ብል ማን ይመነኝ!

ያስገቡኝ ሐይቁ ዳር ካለ መጋዘን ነው። ሲሚንቶው አጥንት ድረስ ይገባል። መስኮቱ ከላይ ስለሆነ ውሀው አይታይም፤ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሻገረው ጀልባ ሞተር ግን ይሰማል። እሱን በሰማሁ ቁጥር ብድግ ነው። ከበሩ ግድግዳው፣ ከግድግዳው በሩ፣ «እመቤቴ አውጪኝ፣ አውጪኝ ብቻ» እያልሁ።

አብራኝ የታሰረች አስተማሪ ነበረች፣ ልጅ እግር።

«እማማ፣ ራሴን አዞሩት እኮ! ይቀመጡ በማርያም!» ትለኛለች። አንድ ቀን ደሞ፣ «ይኼን ሁሉ ዘመን ሲጾሙ ሲጸልዩ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አሁንማ መውጣት ነዋ!»

«እሱንማ እኔም እፈልጋለሁ፣ ሳልጾም» ብላ ሳቀች።

ተናደድሁባት። ብድግ ብዬ መመላለሴን ቀጠልሁ።

ኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ጨዋ ነው። አንድ ልጅ አቁመዋል፤ እጁ ታስሯል፣ ከንፈሩ ደርቋል።

«ማኅበርዎ ላይ የመጣው ይኼ ነው?»

ኧረ ይኼ ጢም እንኳ አላበቀለም።

«አይደለም።»

«እማማ፣ ልጆችዎ በር ላይ እየጠበቁ ነው። አዎ ይበሉና ይሂዱ።»

ስለምነው የከረምሁት መውጣት ይኼው፣ አንድ ቃል ነው። ልጁ መሬት መሬት ያያል።

«ስምህ ማነው ልጄ?» አልሁት።

ቀና ብሎ ነገረኝ።

ስሙን ጠርቼ «እሱ ቤቴ መጥቶ አያውቅም» አልሁና ሳያስነሱኝ ከወንበሩ ተነሳሁ።

«አዎ ቢሉ እኮ ዛሬ ቤትዎ ነበሩ!» አለች አስተማሪዋ ስመለስ።

«ገላዬ ብቻ ነዋ ቤቴ የሚሆን፤ ነፍሴ ከልጁ ጋር እዚሁ ትቀራለች።»

እንዲያ ብዬም ልቤ አላረፈ። ያርፋል ብዬ ነበር። ያን ቀንም ስመላለስ መሸ።

ከሰነበትሁ ኋላ እኔን እንዲሁ ለቀቁኝ። የልጁን ነገር የሚነግረኝ ግን አጣሁ። አሁን ቤተስኪያን ቆሜ «ስጪኝ» ብዬ እጀምርና ይጠፋኛል። ጤና ልበል? እድሜ ልበል? እድሜውንስ ጠገብሁት። ቅዳሴ ሲያበቃ ከሰው ቀድሜ እወጣና በሩ ላይ ቆሜ የጎረምሶቹን ፊት አያለሁ። አንቺ ልጄ ደሞ ነጠላዬን ትጎትቻለሽ፦ «እምዬ፣ ምን እየፈለግሽ ነው? ሰው አለቀ እኮ፣ እንሂድ!»

ቆዪ እልሻለሁ። ገና የሚወጣ አለ።